ጋዋኔ ላይ የቀረው ጠረን

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ወንዱ የእሳት እራት በጨለማ ሴቷን እንዴት ያገኛታል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በአንቴናው እያሸተተ» አልኩት። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ልጆቼ፣ በወጣትነቴ የምሠራው በሐር ትል የእሳት እራቶች ላይ ነበር። የወንዱን አንቴና በሁለት ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች መካከል አስቀምጥና የሴቷን ጠረን ያዘለ አየር እነፋበታለሁ፤ ወዲያው መሣሪያው ላይ መስመሩ ይወርዳል፤ አንቴናው አሸተተ ማለት ነው። ጀርመናዊው ዲትሪሽ ሽናይደር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ዘዴ ነው። አንድ ሰሞን ታዲያ ንጹሕ አየር ስነፋም መስመሩ ይወርድ ጀመር። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ስፈታው ስገጥመው ሰነበትኩ።

ረዳቴ ወጣት ልጅ ነበረች። «እርስዎ ሲገቡ ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ» አለችኝ። «ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። ሰው ፊት ነው ያልኳት።

የሐር ትል እራት አይበርም። ወንዱ ጠረኑ ሲደርሰው እየተራመደ ክንፉን ያርገበግባል፣ አየሩንም ወደ አንቴናው ይስባል። ሌሎቹ፣ የሚበሩት፣ ጠረኑ በነፋስ ተቆራርጦ ሲነካቸው ነፋሱን ተቃውመው ይገሰግሳሉ፤ ሲጠፋባቸው ግራና ቀኝ እየተመላለሱ ይፈልጉታል። ይህን ቁጭ ብሎ ማየት ምንኛ ደስ ይል ነበር! የዛሬ ልጆች ከእንስሳው ይልቅ ግራፉ ላይ ታፈጣላችሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ያኔ እኔም የማየው ግራፉን ነበር።

የሚያንገበግበኝ ነገሩን ማወቄ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ቡተናንትና ባልደረቦቹ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ቦምቢኮልን፣ ሴቷ ወንዱን የምትጠራበትን ጠረን፣ ለይተው ለማወቅ የ500,000 ያህል ሴት እራቶችን ዕጢ ጨምቀው ያገኙት ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ነበር። በወንዱ አንቴና ላይ ይህን የሚያሸቱ 17,000 ገደማ ፀጉሮች አሉ። ሞለኪውሉ በፀጉሩ ቀዳዳ ይገባል፣ ፕሮቲን ተሸክሞ በፈሳሹ ውስጥ ያሻግረዋል፤ ነርቩን ለመቀስቀስ አንዷ ሞለኪውል ትበቃለች። ይህን ሁሉ ለሌሎች አስተምር ነበር። በየማለዳው ሴቶቹን እራቶች የምነካበትን እጅጌዬን ግን አላሰብኩትም።

መሣሪያን አትመኑ ልላችሁ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ትክክል ነበር።

አንድ ቀን ጋዋኔን ለማጠብ አውልቄ አዲስ ለብሼ ገባሁ። ወንዶቹ ንቅንቅ አላሉም። የሦስት ወር ውጤት ያን ዕለት ጣልኩ። ለረዳቴ ልነግራት ዞር ስል ወንበሯ ባዶ ነው፤ ከሳምንት በፊት ሥራ ለቃ ነበር። መሳቢያው ውስጥ የተወችውን ደብተር ገለጥኩ። የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት በየቀኑ ተመዝግቧል፤ ከየሰዓቱም ጎን ስንት ወንዶች ክንፋቸውን እንዳርገበገቡ ተጽፏል።