ስኳር እያለብኝ ለሰርግ ቀን እንደ ልቤ ብበላስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ከተገኘብኝ 6 ዓመት ሆነኝ። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። በባዶ ሆድ ስለካ ከ120 እስከ 140 ይሆናል። በጥር የወንድሜ ልጅ መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ትዳራለች። አጎት ነኝና ከድግሱ መቅረት አልችልም፤ እውነቱን ለመናገር መቅረትም አልፈልግም። ድፎው፣ ዶሮው፣ ጠላው አምሮኛል። አንድ ወዳጄ «ጠዋት ሳትበላ ሂድ፣ ክኒኑን ደርበህ ዋጥ፣ ከዚያ ያሻህን ብላ» አለኝ። ይሻለኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት ወንድሜ። ይሂዱ፣ ከማዕዱም ይቅረቡ፣ ይብሉም። የወዳጅዎን ምክር ግን አይስሙ። ከድፎውና ከዶሮው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋ መድኃኒት ነው። ሆድዎ ውስጥ እህል ኖረም አልኖረም ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ሳይቀምሱ ደርበው ቢውጡ፣ ሙሽራው እስኪደርስና ምሳው እስኪቀርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መሀል ስኳርዎ ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ «ብርዱን ይሰብርልዎታል» ብለው አንድ መለኪያ አረቄ ቢሰጡዎትስ? ሰው ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩን የሚጠብቅለት ጉበቱ ነው፤ ካጠራቀመው ያወጣል፣ ሲያልቅም አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቋርጣል። «አረቄ ስኳር የለውም፣ እንዲያውም ያወርዳል» ሲባል እሰማለሁ። ማውረዱ እውነት ነው፤ አደጋው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ እያሉ ሳይቀር ሊያወርድ ይችላል።

ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ይመታል፣ ይርባል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ አእምሮ ይደናገራል። በድግስ ቤት ይህን ያየ ሰው «ጠጥቶ ነው፣ ተዉት ይተኛ» ይላል። በዚህ ምክንያት ሰው ሊሞት ይችላልና ለባለቤትዎ ወይም ለአንዱ ልጅዎ ቀድመው ይንገሩ፦ እንዲህ ከሆንኩ ስኳሬን ለኩኝ፤ የስኳር መለኪያው በእጅ ከሌለ ሳትጠብቁ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡኝ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይደገማል፤ ሲሻልዎት ዳቦ ወይም እንጀራ ይበሉበታል። ራስዎን ከሳቱ ግን አፍዎ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በጎን አስተኝተው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱዎት።

ስለዚህ በሰርጉ ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው ቁርስዎን ይብሉ፣ ክኒንዎንም በልኩ ይዋጡ። ከደብረ ብርሃን ሞላሌ መንገዱ ረጅም ነውና ከኪስዎ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ አይጥፋ። የሸዋ ገብስ ለስኳር ሕመምተኛ ካሉን እህሎች ሁሉ የምወደው ነው፤ በውስጡ ያለው የሚሟሟ አሰር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ይህ በይበልጥ የሚሠራው ለቆሎውና ለቅንጬው ነው። በሶ ልሞ የተፈጨ ስለሆነ ቶሎ ይገባል፤ በማር ከተለወሰ ደግሞ ይብሳል።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። ዶሮው ራሱ ስኳር ብዙ አይጨምርም። የሚጨምረው እንጀራው፣ ድፎው፣ ሩዙና ፓስታው ነው። «ስኳር አልገባበትም» ተብሎ ድፎ እንደ ልብ የሚበላ ሰው አለ፤ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ስኳር መለወጡ ግን አይቀርም። የጤፍ እንጀራም ጤፍ ስለሆነ ብቻ ከዚህ አያመልጥም። እኔ የምመክርዎት ከእነዚህ አንዱን እንዲመርጡ ነው። የናፈቀዎት ድፎው ከሆነ የእጅዎን መዳፍ የምታህል ቁራሽ ያንሱ፣ እንጀራውን ግን ለዶሮው ማንሻ ያህል ብቻ ያድርጉት፣ ሩዙን ይለፉት። መጀመሪያ ጎመኑን፣ ሰላጣውን፣ እንቁላሉንና ሥጋውን ይብሉ፤ ዳቦውን ወደ መጨረሻ ያቆዩት። ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻውን ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ጉርሻ እንደማይቀርልዎትም አውቀው ቦታ ይተዉለት። «በሞቴ» ሲበዛ «ስኳር አለብኝ፣ ጠግቤያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሕመሙን የሚደብቅ ሰው እምቢ የሚልበት ምክንያት ስለሚያጣ ሁሉንም ይበላል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጠላውን ከምግብ በኋላ አንድ ብርጭቆ ይጠጡ። የቤት ጠላ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሁለተኛውን አልፈቅድልዎትም፤ አረቄውን ጭራሽ ይተዉት። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው አልኮል ሲያበዛ ደሙ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። አልጠጣም ላለ እንግዳ ብርዝ ወይም ለስላሳ ይቀርባል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት፣ ብርዙም ማር ነው። ውኃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ይጠይቁ።

ከምሳ በኋላ ተቀምጠው አይቆዩ። የ15 ደቂቃ እርምጃ ስኳሩን ያስታግሳል፤ ለሙሽሪት መጨፈርም እንዲሁ። መብላት ከጀመሩ 2 ሰዓት ሲሆን ይለኩ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁት፤ ጣት ላይ የቀረ ማር ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ ሐሰተኛ ቁጥር ያወጣል። በመንዝ ብርድ ጣት ደም እምቢ ካለ እጅዎን ያፋትጉ። ከ180 በታች ከሆነ እሰየው። 200 ወይም 220 ቢልም አይደንግጡ፣ ክኒንም አይጨምሩ፤ ውኃ ይጠጡ፣ ይንቀሳቀሱ። ቁጥሩ ከ300 በላይ ሆኖ ጥማት፣ ማስታወክ ወይም ድካም ከመጣ ግን ሕክምና ቦታ ይሂዱ።

አሁን የምጨነቅበትን ልንገርዎት። አንድ ሰርግ የሦስት ወሩን አማካይ በሚያሳየው ምርመራ ላይ የጎላ ለውጥ አያመጣም። የእኛ አገር ድግስ ግን በሰርግ አያበቃም። በ12 የሚካኤል ማኅበር አለ፣ በ21 የማርያም፣ በ29 የበዓለ ወልድ፤ ክርስትናው፣ ተዝካሩ፣ የዓመት በዓሉ ሲጨመር «አንድ ቀን ነው» የተባለው በየሳምንቱ ይመጣል። ወሩ ሲገባ ያሉብዎትን ግብዣዎች ይጻፉ፤ እንደዚህ ሰርግ ትንሽ ለቀቅ የሚሉባቸውን አንድ ወይም ሁለት ይምረጡ። በቀሩት ይገኙ፣ ጸበል ጸዲቁን ይቅመሱ፣ ምግብዎን ግን እንደ ቤትዎ ይመጥኑ።

በማግስቱ ለማካካስ ብለው አይጹሙ፤ ወደ ተለመደው ምግብና መድኃኒት ይመለሱ። ሌሊቱን ሞላሌ የሚያድሩ ከሆነ የማታውንና የጠዋቱን ክኒን፣ መለኪያውንም ይያዙ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኩላሊትዎ ከተመረመረ ዓመት ካለፈው፣ ከሰርጉ በፊት በክትትልዎ ላይ ያስመርምሩ። ኩላሊት ሲደክም ግሊቤንክላሚድ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ስኳር የመውረዱ አደጋ ይጨምራል፤ ሐኪምዎም መድኃኒቱን ሊቀይርልዎት ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጉ አንባቢዎች ደግሞ በድግስ ቀን መጠኑ እንዴት እንደሚስተካከል ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።