ሰጋሬ ጥርሱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ምን ሆኖ ነው? ስለ ፈረስ ድምፅና አመል ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ጥር 23፣ ሲቃረብ ሁላችሁም ፈረስ ትዝ ይላችኋል መሰለኝ፣ ጥያቄው በዝቷል። ዛሬ የምመልሰው ስለ ድምፅና ስለ አመል ነው፤ በተለይ ስለ ሰጋር፣ ሳያነጥር ስለሚሄደው ፈረስ። የዋጋ ጥያቄ አልመልስም። መድኃኒትም አላዝም፤ ለዚያ የእንስሳት ሐኪም አለ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ አትፍረዱ። ጆሮውን እዩ፣ አፍንጫውን እዩ፣ ጎኑን እዩ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ዳማ ሰጋር አለኝ። መስገር ሲጀምር ጥርሱን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ከኮቴው ጋር እኩል እኩል። ሲቆም ድምፁም ይቆማል። ጎረቤቶቼ «በሽታ አለበት፣ ሳይብስበት ሽጠው» ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መላሽ፦ እንዳትሸጠው። «እኔ ልግዛህ» የሚል ጎረቤት ካለማ ጭራሽ እንዳትሸጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ እግሮቹን በሰያፍ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያነሳል፤ ቀኝ ፊትና ግራ ኋላ አንድ ላይ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። በመሃል አራቱም ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ ኮርቻ ላይ የሚያነጥርህ እሱ ነው። ሰጋር ግን በየተራ ነው የሚያሳርፋቸው፦ ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት። ምንጊዜም መሬት የያዘ እግር ስላለው አያነጥርም። እንዲህ የሚሄድ ፈረስ ጀርባው ይላላል፤ ጀርባው ሲላላ አንገቱ ይላላል፣ ከዚያም መንጋጋው። የኋላ እግሩ በረገጠ ቁጥር ራሱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል፣ የላላው መንጋጋም አብሮ ይወዛወዝና ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ቀጭ ቀጭ ያልከው ይኸው ነው። ጆሮውንም እይ፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከርምጃው ጋር ከተወዛወዘ ፈረስህ ደልቶታል።

ይህ አመል የእኛ አገር ፈረስ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቴነሲ ዎከር የሚሉት ሰጋር ዘር አላቸው፤ የኋላ ኮቴው የፊቱን ዱካ አልፎ ነው የሚያርፈው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ፣ ጆሮውን እያወዛወዘ፣ አንዳንዱም ጥርሱን እያጋጨ ይሄዳል፤ ባለቤቶቹም ተዝናንቷል ብለው ደስ ይላቸዋል። እኛ ዘንድ «ሽጠው» ይባላል!

አንድ ነገር ግን ፈትን። ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ ላላ አድርግለት። ድምፁ ከቀጠለ ሰላም ነው። ዛብ ስትስብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ጭራውን እየወነጨፈና አፉን እየከፈተ ከሆነ፣ ልጓሙ አሳምሞታል ማለት ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ፈረሴ ድምፅ ያወጣል። ምንድን ነው?

መላሽ፦ ምን ዓይነት ድምፅ? መቼ? ሲበላ፣ ሲሄድ፣ ሲተኛ? ከአፉ፣ ከአፍንጫው፣ ከሆዱ? ፈረስ ሁሉ ድምፅ ያወጣል ወንድሜ።

ከጮቄ ሥር፦ ጋሼ፣ የእኔ ባዝራ ሜዳ ስትለቀቅ ደጋግማ በአፍንጫዋ ፍርርር ትላለች። ጋጣ ውስጥ ግን ብዙም አትልም። ጉንፋን ይሆን እንዴ?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። መቼ እንደምትል፣ መቼ እንደማትል ነገርሽኝ፤ ግማሹን መልስ ራስሽ ይዘሽው መጥተሻል።

ድሮ «አቧራ ስለገባበት አፍንጫውን ሲያጸዳ ነው» ይባል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሬን የሚባለው የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፍርርታ ቆጠሩት። ፈረሶቹ ድምፁን አብዝተው ያሰሙት ሜዳ ላይ ሲለቀቁና ሲመገቡ፣ ጆሯቸውም ወደ ፊት ቀንቶ ሳለ ነው፤ ጋጣ ተዘግቶባቸው ሲውሉ ቀነሰ። የአንቺም ባዝራ የምትልሽ «ደስ ብሎኛል» ነው። ንፍጥ ከሌላት፣ ካላሳላት፣ ተያት ትጋጥ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ አለ። ራሱን ሽቅብ አንስቶ፣ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ከተነፈሰ ጅብ ወይም ባዕድ ነገር አይቷል። ያ ፍርሃት ነው። ድምፁ ይቀራረባል፣ አቋሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ጆሮውን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ከሞጣ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሰጋር ከተባለ በቅሎ ናት። ፈረስ የጉግስ ነው፤ ለመንገድ በቅሎ፣ ለጦር ፈረስ ይሉ ነበር አባቶቻችን።

ከእንጅባራ፦ እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ በቅሎ! እኛ አገር ለሠርጉም ለለቅሶውም ፈረስ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እኮ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ የበቅሎ ማኅበር የት አለ?

ከሞጣ፦ ጥር 23 የምታሳዩት ግልቢያ ነው፣ ሽምጥ ነው። መስገር አይደለም። ደጀን ድረስ በግልቢያ ሂድና ወገብህን ጠይቀው።

ከእንጅባራ፦ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። ና!

ከሞጣ፦ እመጣለሁ፣ በበቅሎ።

መላሽ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች፤ ሁለታችሁም የዘመድ ጠብ ላይ ናችሁ። ሰጋር በቅሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ባዝራዋን ነው። የሞጣው፣ ጥር 23 የሚታየው ግልቢያ ነው ያልከው ልክ ነው። የእንጅባራው ልጅ ፈረስም ግን ከበዓሉ ማግስት ወደ ገበያ ሲሄድ አይጋልብም።

አሁን ካነሳችሁት አይቀር፣ መስገር የዘር ነው ወይስ የሥልጠና የሚለውን ልመልስ፤ ሁለት ሰዎች በውስጥ ጠይቀውኛል። ከዘር ይጀምራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ዲኤምአርቲ3 በሚባል ዘረመል ላይ አንዲት ለውጥ አገኙ። ይህ ዘረመል በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን እግር የሚያስተባብሩ ነርቮች ይመለከታል። ለውጧ ያለበት ፈረስ ከሰያፍ አረማመድ ወጥቶ ሌላ አረማመድ ይቀናዋል። አይስላንድ ውስጥ አምስት ዓይነት አካሄድ ያላቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ከእናትም ከአባትም ወርሰዋታል። ዘር ያለው ፈረስ ግን በመጥፎ እጅ ሲያዝ ይበላሻል፤ ይህንንም ዕለት ዕለት የማየው ነው።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ የልጆቼ ፈረስ የሴቷን ሽንት አሽትቶ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ይስቃል። ልጆቹ ቪዲዮ ቀርፀው አልጠግብ አሉ። እውነት ይስቃል?

መላሽ፦ አይስቅም እቴ። ከላንቃው በላይ ሽታ የሚለይበት ሌላ አካል አለው፤ ከንፈሩን ገልብጦ ሽታውን ወደዚያ ይስባል፣ ባዝራዋ ፈልጋ እንደሆነ ለማወቅ። ልጆቹ ይሳቁ፣ ከኋላ እግሩ ግን አርቂያቸው።

ከቡሬ፦ ጋሼ፣ የእኔም ጥርሱን እያፋጨ ነው፣ ሰጋር ነው። ከላይ እንዳሉት ደስታ ነው ማለት ነው?

መላሽ፦ ከላይ እንዳልኩት አይደለም። ከላይ ያልኩት ሲሰግር ከኮቴው ጋር እኩል የሚሰማውን ነው። የአንተው መቼ ነው የሚያፋጨው?

ከቡሬ፦ ቆሞ ነው። ጋጣ ውስጥ። ገብሱንም ይተዋል።

መላሽ፦ ታዲያ ይህ ደስታ ነው? ቆሞ ጥርሱን የሚያፋጭና መብል የተወ ፈረስ ያመዋል፤ ጨጓራው ሊሆን ይችላል፣ ጥርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ጥርሱ ዳር ሾሎ ጉንጩን ይቆርጠዋል። ዛሬውኑ ሐኪም ጥራ። እዚህ ጽፈህ መልስ አትጠብቅ።

ከደምበጫ፦ ሰጋር ፈረስ አሁን ስንት ይሸጣል?

መላሽ፦ አልመልስም ብያለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ሰላም ጋሼ፣ ባለጋሪ ነኝ። ፈረሴ ማታ ግርግሙን በጥርሱ ነክሶ፣ አንገቱን ቆልምሞ «እህክ» ይላል፣ ደጋግሞ። ጠግቦ ሲያገሳ ይመስላል።

መላሽ፦ ፈረስ አያገሳም። ያ አየር ወደ ጉሮሮው ሲስብ የሚሰማ ነው፤ አመል ሆኖበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ገብስና ፉርሽካ በዝቶለት ድርቆሽ ሲያንሰው፣ ታስሮ ያለ ሥራ ሲያድርም ነው። ፈረስ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ሲግጥ እንዲውል ነው፤ ሆዱ ባዶ ሲሆን አፉ ሥራ ይፈልጋል። አትምታው፣ በመምታት አይተውም። ማታ ድርቆሹን አብዛለት፣ ከተቻለ ጓደኛ ፈረስ አጠገቡ እሰር። የፊት ጥርሱንም እይለት፤ የላይኛው ቶሎ ያልቃል።

ከቻግኒ፦ ሰንጋ ፈረሴ ሶምሶማ ሲሄድ ከሆዱ ሥር ውሃ የሚንቦጫቦጭ ይመስላል። ብዙ ስለጠጣ ነው?

መላሽ፦ ከሆዱ አይደለም። በብልቱ ሽፋን ውስጥ አየር ሲገባና ሲወጣ ነው። በወንድ ብቻ የሚሰማውም ለዚህ ነው። አይጎዳውም፤ ግን ሆዱን ወጥሮ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ኮርቻው እንዳይቆነጥጠው እይ።

ከአዴት፦ ግንባሩ ላይ ሁለት የፀጉር ሽክርክሪት ያለበት ፈረስ ባለቤቱን ያስገድላል ይባላል፣ እውነት ነው?

መላሽ፦ ባለቤቱን የሚያስገድለው ያረጀ የኮርቻ መወጠሪያ ነው። ቀጥሉ።

ከሞጣ፦ አያቴ ግን በዚህ ነገር...

መላሽ፦ ቀጥሉ ብያለሁ።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ ፈረሴ ጥሩ ይሰግራል፣ ግን ቶሎ ወደ ሶምሶማ ይወርዳል። ልጓሙን ሳጠብቅበት ትንሽ ይሻለዋል፤ ከዚያ ግን ራሱን መነቅነቅ ተወ፣ ያ ቀጭ ቀጭም ጠፋ። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

የእኛ አገር ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ዛቡን ስትስብ ብረቱ ከውስጥ ላንቃውን ይጫናል፣ ቀለበቱ ከውጭ መንጋጋውን ይጨምቃል። ለጦር የተሠራ ነው፤ በአንድ እጁ ጦር የያዘ ሰው በሌላው እጁ ፈረሱን በቅጽበት እንዲያቆም። አንተ ገበያ እየሄድክ ዛቡን እንደተወጠረ ብታቆየው ፈረሱ ምን ያደርጋል? ራሱን ሰቅሎ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ አፉን አጠንክሮ ይሄዳል። ለጥቂት ጊዜ «ተሻለው» ትላለህ፤ ጀርባው የታመመ ዕለት ሶምሶማም አይሄድልህ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ልጓሙን አውልቀህ የአፉን ጥግና ምላሱን እይ፤ ቁስል ካለ እስኪድን በለኮ፣ ብረት በሌለው የመሳቢያ ገመድ፣ ብቻ ምራው። ከዚያ ቀስ ባለ ርምጃ ጀምር፣ ጥቂት ዳገት ያለው መንገድ ምረጥ፤ ዳገት የኋላ እግሩን ያሠራዋል። ርምጃውን ስታፋጥን በእግርህ አፋጥነው፣ በዛብ አትወጥረው። ሶምሶማ ሲጀምር አትቆጣው፤ ቀዝቀዝ አድርገህ ወደ ርምጃ መልሰውና እንደገና ጠይቀው። አጭር አጭር ይሁን። ራሱ መነቅነቅ ሲጀምር፣ ያ ድምፅ ሲመለስ፣ እዚያው ላይ አሞግሰውና አሳርፈው። ድምፁን እንደ መለኪያ ያዘው።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ እኔም ዛቡን ላላ አድርጌ ሞከርኩ፤ ቀጭ ቀጩ ቀጠለ!

መላሽ፦ እሰይ። ጎረቤቶችህን ሰላም በልልኝ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ፈረሴ ኮርቻው ሲወርድለት መሬት ላይ ይንከባለላል፣ እያቃሰተም ነው። ትናንት ግን ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመው። ሰጋሁ።

መላሽ፦ አባቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ፤ መጠየቅዎ ደግ ነው። ኮርቻ የወረደለት ፈረስ ላቡን ሊያደርቅ፣ ጀርባውን ሊያሳክክ ይንከባለላል። ሲንከባለልም እህ ይላል፤ ያ የእፎይታ ነው። ተነሥቶ ሰውነቱን አራግፎ ወደ ሣሩ ከሄደ አያስቡ። ሳያራግፍ ዳግም ከወደቀ፣ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ መሬቱን በፊት እግሩ ከጫረ፣ ቁርጠት ነው። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ሆዱ ውስጥ የገባው በዚያው ካልወጣ አደጋ ነው።

አሁን የልጅ ልጅዎ ጆሮውን ከፈረሱ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ይለጥፍ፤ በግራም በቀኝም። ሆዱ እየተንጎራጎረ ከሆነ ጥሩ ነው። ጭው ካለ ግን አደራ፣ ቶሎ ሐኪም ያስጠሩ። አርፎ ቆሞ ሳለ ትንፋሹንም ይቁጠር፤ የጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ነው። ሐኪሙ እስኪደርስ ገብሱን ያንሱለት፣ ውሃው ግን አይራቀው። ፈቅዶ ከሄደ ቀስ እያሉ ያራምዱት፤ ከደከመው አያስገድዱት። ምን እንዳገኙ ይጻፉልኝ፣ ዛሬ አመሻሹን እዚሁ ነኝ።