የጓሮ ኩሬ ጥያቄዎቻችሁ፦ አረንጓዴ ውሃ፣ የገብስ ገለባ፣ ብርብራና እንቦጭ

ስለ ጓሮ ዓሣ ኩሬ የምትልኩልኝ ጥያቄ እየበዛ ነው። ደስ ይለኛል። አብዛኛው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ውሃዬ አልጠራ አለኝ፣ ኬሚካል ሳልጠቀም እንዴት ላጥራው? ዛሬ ስድስቱን መርጬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከዛፍ ወይም ከሣር የመጣ ነገር ሁሉ ለዓሣ ደህና ነው ማለት አይደለም። ይህን ሳያውቁ ኩሬያቸውን በአንድ ሌሊት ባዶ ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የለበሰ ኩሬ አለኝ፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ነው። 100 የቆሮሶ ዓሣ ጨምሬበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ውሃው ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መስሏል። ባለቤቴ ‘እንድፋውና ፍቀን አጥበን እንደ አዲስ እንሙላው’ ይላል። እኔ ደግሞ ዓሦቹ ያልቃሉ ብዬ ፈራሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። አትድፉት።

መጀመሪያ ውሃው ምን ያህል እንደከፋ እንለካ። እጅሽን ቀጥ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ወደ ውሃው አስገቢ፣ መዳፍሽን እያየሽ። ውሃው ክርንሽ አጠገብ ሲደርስ መዳፍሽ ከጠፋ ኩሬሽ ጤነኛ ነው። አረንጓዴ ቢሆንም ጤነኛ ነው! ያ አረንጓዴ ነገር በዓይን የማይታይ አልጌ ነው፤ ቆሮሶ ደግሞ እሱን ይበላል። የመኖ ወጪሽን የሚቀንስልሽ እሱ ነው። እንደ መስታወት ጥርት ያለ ውሃ ለቆሮሶ ባዶ ገበታ ነው። ጣቶችሽ የጠፉት ውሃው አንጓሽ ላይ ሲደርስ ከሆነ ግን አልጌው ከልክ አልፏል ማለት ነው።

አልጌ ሲበዛ ምን ችግር አለው? ቀን ቀን ፀሐይ ስላለ ኦክስጅን ይሰጣል። ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚታፈነው ሊነጋጋ ሲል ነው። አንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሺና ባትሪ ይዘሽ ኩሬው ዳር ቁሚ። ዓሦቹ ውሃው ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም።

አልጌው ከየት መጣ ካልሽኝ፣ ከእጃችን ነው የመጣው። ፍሩሽካና ፋጉሎ አብዝተን እንበትናለን፣ የተረፈው ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፣ የዓሣው ኩስ ይጨመርበታል፣ ይህ ሁሉ ለአልጌው ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ለ3 ቀን መኖ አቁሚ። አይራቡም፣ አልጌውን ይበላሉ። ከዚያ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጪ። የእንጀራ ፍርፋሪና አተላ አይግባ።

ቀጥሎ ከውሃው ከአምስት እጁ አንዱን፣ ማለትም ወደ 4,000 ሊትር ገደማ፣ በጎማ ከታች በኩል ሳቢ። ከላይ አይደለም፤ ቆሻሻው ያለው ወለሉ ላይ ነው። ያ ጥቁር ውሃ ለጎመንና ለቆስጣ ግሩም ነው፣ አታባክኚው። የምትተኪበት የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይግባ። ክዳኑ በተከፈተ ሮቶ ወይም በርሜል አንድ ሁለት ቀን ይደር፣ ከዚያ በየተራ ጨምሪ። ፍቆ ማጠብ የሚሉትን ነገር ደግሞ እርሱት። ጂኦሜምብሬኑ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ዝልግልግ ነገር ቆሻሻ ይመስላል እንጂ የዓሣውን መርዛም አሞኒያ የሚያከሽፉት ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። እሱን ፈቅፍቃችሁ ካነሳችሁት ኩሬው ከዜሮ ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። 20 ካሬ ሜትር ላይ 100 ቆሮሶ፣ አየር መስጫ ከሌለ ይበዛል። በካሬ ሜትር 2 ወይም 3 ይበቃል። ቆሮሶ ደግሞ ገና በጥቂት ወሩ ይወልዳል፣ ስለዚህ አሁን 100 ብቻ ናቸው ብለሽ አትመኚ። ትልልቆቹን አውጥታችሁ ብሉ። ሌላ መድኃኒት ሳይጨመር ይህ ብቻ ውሃውን ሲለውጠው አይቻለሁ።

እኔም ከባድ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ በአንድ ጊዜ ደፋሁበት። ቀኑ ደመናማ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ላይ ዓሦቼን ነጭ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ልጆቼ ናቸው መጀመሪያ ያዩት። ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አልረሳውም፣ ስለዚህ ኩስ የምትጨምሩ ሁሉ በትንሽ በትንሹ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ የውሃው አረንጓዴነት ሲሳሳ ብቻ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። የገብስ ገለባ ኩሬ ያጠራል ሲባል ሰማሁ። እኛ ጋ ገለባ ሞልቷል። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ወሬ አይደለም፣ ግን ተአምርም አይደለም። እንግሊዝ አገር በቦዮችና በኩሬዎች ላይ ለዓመታት ተሞክሯል። አንዳንድ ቦታ ጥሩ ሠርቷል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምንም አልለወጠም። የገብስ ገለባ ያለውን አልጌ አይገድልም። ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲበሰብስ የሚለቀው ነገር አዲስ አልጌ እንዳይራባ ያግዳል። ስለዚህ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ሳይሆን ከመሆኑ በፊት ነው የሚገባው።

ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ግራም ገደማ ይበቃል። ኩሬህ 10 ካሬ ሜትር ከሆነ ሩብ ኪሎ ማለት ነው። ሲታይ ትንሽ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ‘ገለባ እንደሆነ አለ’ ብለው አንድ ሸክም ይከታሉ። ያ ሁሉ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ገለባውን ሳትጠቀጥቅ፣ ፈታ አድርገህ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ ክተት። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳናቸውን ጥብቅ አድርገህ እሰርበት፣ እንዳይሰምጥ። ወለሉ ላይ ከተኛ አይሠራም፣ አየርና ብርሃን ይፈልጋል። የእናንተ አገር ብርድ ስለሆነ ውጤቱን ለማየት 6 ወይም 8 ሳምንት ጠብቅ። ሞቃት ቦታ ያላችሁ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ታዩታላችሁ። በየ5 ወሩ ገደማ ይቀየር። ፀረ አረም የተረጨበት እርሻ ገለባ ግን በፍጹም።

በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን ለቆሮሶ ይበርዳል፤ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የእኔ ኩሬ አረንጓዴ አይደለም፣ ሻይ በወተት መስሏል። አርባ ምንጭ ነኝ። እናቴ ድፍርስ ውሃ በሽፈራው ፍሬ ታጠራ ነበር። ለኩሬው ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ እናትህ ትክክል ናቸው። የሽፈራው ፍሬ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን አለው፤ ቅንጣቶቹ ይያያዙና ክብደት አግኝተው ይሰምጣሉ። ለእንስራ ውሃ ጥሩ ነው። ለኩሬ ግን አይሆንም። በሊትር አንድ ፍሬ እንኳ ብንል ለ10,000 ሊትር 10,000 ፍሬ ልትፈጭ ነው። ያ ሁሉ ዱቄት ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ሲበዛ ደግሞ የፍሬው ጭማቂ ዓሣውን ይጎዳዋል።

ይልቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከኩሬው ቅዳና መስኮት ላይ አሳድረው። ጠዋት ብርጭቆው ሥር አፈር ከተቀመጠ ችግሩ ጎርፍ ነው። ከኩሬው በላይ በኩል ቦይ ቆፍረህ ጎርፉን አስቀይስ፣ ዳርዳሩን ሰርዶ ትከልበት። ውሃው ሳይጠራ እንዳለ ካደረ ቅንጣቱ በጣም የደቀቀ ሸክላ አፈር ነው፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መግቢያው ከተዘጋ ይሻሻላል። ካርፕ ካለህ ደግሞ ወለሉን በአፉ ስለሚቆፍር ያለ ጎርፍም ውሃ ያደፈርሳል። ቁጥሩን ቀንስ።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው የምጽፈው። ኩሬዬ ውስጥ አልቅትና ቀንድ አውጣ በዛብኝ። ጎረቤቴ የብርብራ ፍሬ ወቅጠህ ጨምርበት አለኝ። ሌላው ደግሞ እንዶድ ነው የሚያጠፋልህ ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተው። እለምንሃለሁ።

ብርብራ እኮ ዓሣ ማስከሪያ ነው! አባቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይጨምሩትና ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በእጃቸው ይለቅሙት ነበር። አንተ ደግሞ በገዛ ኩሬህ ላይ ያንኑ ልታደርግ ነው። እንዶድም እንደዚያው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት፤ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ብለው ዕድሜያቸውን የሰጡለት ትልቅ ሥራ ነው። ግን ቀንድ አውጣውን የሚገድለው እንዶድ ዓሣውንም አይምርም። የእሳቸው ሥራ ዓሣ ለሚረባበት ኩሬ የታሰበ አልነበረም።

ለቀንድ አውጣ ዳክዬ ግዛ። ሁለት ዳክዬ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር ብትለቅ ለቅመው ይጨርሱታል። ግን ቀኑን ሙሉ አይዋሉ፣ ኩሳቸው ውሃውን ያበላሻል፣ ጫጩት ዓሣም ይበላሉ። ቀንድ አውጣው የሚጠለልበትንና እንቁላሉን የሚጥልበትን ዳር ላይ ያለ አረም ነቅለህ አውጣ። ለአልቅት ደግሞ ክዳን ያለው ቆርቆሮ በሚስማር ብዙ ቦታ ብሳ፣ ትንሽ ጥሬ ጉበት ክተትበት፣ በገመድ አስረህ ማታ ወለሉ ላይ አውርደው። ጠዋት ስታወጣው አልቅቱ ውስጡ ተጠቅልሎ ታገኘዋለህ። ሳምንት ደጋግመው።

ቢልሃርዚያን ካነሳን አይቀር፣ ቀንድ አውጣው ብቻውን በሽታ አያመጣም። በሽታው ካለበት ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ኩሬው እንዳይደርስ፣ ልጆችም እንዳይዋኙበት አድርግ። ይህን አደራ እልሃለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ የመጀመሪያ ኩሬዬን ገና እየቆፈርኩ ነው። እንቦጭ ቆሻሻ ይመጥጣል፣ ውሃ ያጣራል ሲሉ ሰማሁ። ከጣና ሁለት ሦስቱን አምጥቼ ባስቀምጥ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጠየቅህ እግዜር ይስጥህ። አታምጣ! እውነት ነው፣ እንቦጭ ከውሃ ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይመጥጣል። ግን በ2 ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን የሚችል አረም ነው። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው ስንት ጊዜ በእጁ ሲነቅል፣ ወገቡ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲታገል እንደኖረ አንተ ከእኔ ይልቅ በቅርብ ታውቀዋለህ። ክረምት ላይ ኩሬህ ሞልቶ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ አስበው።

ያንኑ ሥራ የሚሠራ ደንገል ደጅህ አለልህ። ደንገልና ቄጤማ ሥራቸውን ውሃ ውስጥ ሰደው አልጌው የሚፈልገውን ምግብ ቀድመው ይወስዱበታል። በቀጥታ ኩሬው ውስጥ አትትከል፣ ሥሩ ወለሉን ይበሳል። ታችና ጎኑ የተበሳ አሮጌ ባልዲ ውሰድ፣ ለግንባታ የሚሸጠውን ሬድ አሽ (ቀዩን ባለ ቀዳዳ ጠጠር) አጥበህ ሙላበት፣ ደንገሉን ትከልና ጥልቀት በሌለው ዳር አስቀምጥ። በዓመት አንዴ ሁለቴ እጨደውና ከኩሬው ውጪ አውጣው፤ እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ይሰጠዋል።

አቅም ካለህ በዚሁ ሬድ አሽ ማጣሪያም ሥራ። ሬድ አሽ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ ለባክቴሪያ ከተራ ጠጠር የተሻለ ቤት ነው። አንድ በርሜል ሙላ፣ በትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከታች አስገብተህ ከላይ ወደ ኩሬው እንዲፈስ አድርግ። ውሃው ከፍ ካለ ቦታ ሲወርድ አየርም ይዞ ይገባል። ባክቴሪያው እስኪለምድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስታጥበው በራሱ በኩሬው ውሃ እለቅልቀው፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድልብሃል። መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከመጣ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ የቆየውን ውሃ መጀመሪያ ውጪ አፍስሰው። ሸትቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አዳማ ነኝ። ጎረቤቶቼ በኩሬዬ ምክንያት ወባ ታመጣብናለህ እያሉ ተነሱብኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ቆሮሶ ያለበት፣ ዳሩ ከአረም የጸዳ ኩሬ የትንኝ እጭ አይተርፍበትም። ይልቅ ግቢው ውስጥ ዝናብ ያጠራቀመ ጎማና ቆርቆሮ ካለ ዛሬውኑ ድፋው፣ ኩሬው ዳር ላይ ዓሣው የማይደርስበት ጥልቀት የሌለው ጥግ ካለም ቆፍረህ ቀጥ አድርገው። ከዚያ ጎረቤቶችህን ቡና ጥራቸው። ጎማ ውስጥ ካገኘኸው ከዚያ የሚወራጭ እጭ አንድ ብርጭቆ አስቀርና ዓይናቸው እያየ ኩሬው ውስጥ አፍስሰው። ደቂቃም አይቆይ።