ብቻችሁን አታንብቡ

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት ትጀምሩና ዘሌዋውያን ላይ ስትደርሱ ታቆማላችሁ። ግድ የለም፣ ከማርቆስ ወንጌል ጀምሩ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ታሪኩም ይዞ ይሄዳል። በቴሌግራም የመጣላችሁን አንድ ጥቅስ ይዛችሁ አትዋሉ፤ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። ከዚያ ደግሞ ለሌላ ሰው አንብቡለት። ዋናው ጉዳዬ ይሄኛው ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በነርስነት ነው ያረጀሁት። ሌሊት ተረኛ ስሆን አንዳንድ አስታማሚ «ሲስተር፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። አንድ ሌሊት ልጇ የታመመችባት እናት አልጋው ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም። ማርቆስ 5ን አነበብኩላት። ኢያኢሮስ ልጁ ልትሞትበት ነው፤ ኢየሱስን ለምኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። መንገድ ላይ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት ልብሱን ትነካለች። እሱም ቆሞ ማን እንደነካው ይጠይቃል። የኔ ዓይን ሁልጊዜ የሚያርፈው ሴትየዋ ላይ ነበር። እናትየዋ ግን አቋረጠችኝ። «አባትየውስ? እሱ ሲቆም አባትየው ምን አለ?»

እዚህ ቦታ ላይ ማርቆስ አባትየው አለ ብሎ የጻፈው አንድም ቃል የለም። ጭራሽ እዚያው እንደቆሙ የልጅቷ መርዶ ይመጣል። «እመን ብቻ እንጂ አትፍራ» የተባለው ከመርዶው በኋላ ነው። ያን ምዕራፍ ስንቴ አንብቤዋለሁ! ቆሞ የሚጠብቀው አባት የታየኝ ግን በእሷ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ የጸለይኩበት ነገር ሲዘገይብኝ ከኢያኢሮስ ጎን እቆማለሁ። እግዚአብሔርን የበለጠ የቀረብኩት እንዲህ ባሉ ሌሊቶች ነው።

ቃሉን ስታካፍሉ እንደ ፊልጶስ አድርጉ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብባል። ፊልጶስ ስብከት አልጀመረም፤ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀው። ሲጋብዘው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሰውየው ከያዘው ክፍል ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ከተማችን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም ሙስሊሙም ጎን ለጎን የሚኖርባት ናት። ካፌ ተቀምጦ ጥቅስ መወራወር ጓደኛ ያሳጣል እንጂ ማንንም ወደ እግዚአብሔር ሲያቀርብ አላየሁም። ጴጥሮስም መልስ ስትሰጡ «በየዋህነትና በፍርሃት» ይሁን ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ተራራ ለስፖርት ስትወጡ፣ ወይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ምዕራፍ አንብቡ። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ስልኩን አስቀምጦ ይስማ። ያልገባችሁን እየጻፋችሁ የቤተ ክርስቲያን መምህራችሁን ጠይቁ።

ቤት ውስጥ ዓይኗ የደከመ አያት ካለቻችሁ ግን ከእሷ ጀምሩ። አንብባችሁ ስትጨርሱም ቶሎ አትነሡ፤ የምትለው ነገር ይኖራታል።