የትምህርት ቴክኖሎጂ ማስተርስ ልትጀምሩ ላሰባችሁ መምህራን

አገር ቤት አስተምራችሁ የመጣችሁ፣ እዚህ ውጭ አገር ደግሞ ረዳት መምህር የሆናችሁ ወይም ከሙያው ወጥታችሁ ሌላ እንጀራ የያዛችሁ ሰዎች አሁን አሁን አንድ ጥያቄ ታበዛላችሁ። «በትምህርት ቴክኖሎጂ ማስተርስ ብሠራ ያዋጣኛል?» እኔም በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ፤ ከኋላዬ ሲያልፉ ያየኋቸውም ጥቂት አይደሉም። ያዋጣል እላለሁ፤ ግን እየተማራችሁ የምታስተምሩት ሰው ካለ ነው። በእጁ ተማሪ ሳይኖር የጨረሰ ሰው ወረቀቱን ይይዛል። መምህርነቱ ግን ከነበረበት ፈቀቅ አይልም።

መጀመሪያ አንድ ብዥታ ላጥራ። ይህ የአይቲ ትምህርት አይደለም። ኮድ መጻፍ መስሏቸው የሚፈሩ አሉ፤ እሱኑ ፈልገው የሚገቡም አሉ። የትምህርቱ ዋና ጉዳይ ሰው እንዴት እንደሚማር ማወቅና ትምህርቱን በዚያ ልክ መንደፍ ነው። መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሪቻርድ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ጠንከር አድርጎ ጽፎታል። አስቤዛ የሚያመላልሰው መኪና የአመጋገባችንን ጥራት እንደማይለውጠው ሁሉ፣ ትምህርቱን የሚያደርሰው ሚዲያም በራሱ ውጤት አያሻሽልም ነው ያለው። ሮበርት ኮዝማ የተባለ ሌላ ምሁር አልተቀበለውም፤ ሁለቱ የተከራከሩበት ጉዳይ ዛሬም ክፍል ውስጥ ይነሳል። እኔ ወደ ክላርክ አደላለሁ። ታብሌት የታደለው ክፍልና ትምህርቱ የገባው ክፍል አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኬለር የተባሉ ተመራማሪዎች «ቲፓክ» (TPACK) የሚባለውን ማዕቀፍ አወጡ። የትም ብትማሩ ታገኙታላችሁ። መምህር የትምህርቱን ይዘት፣ የማስተማር ዘዴውንና ቴክኖሎጂውን አዋህዶ ማወቅ አለበት ይላል። ከሦስቱ ሁለቱን ይዛችሁ ነው የምትገቡት። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ወጣት በየሶፍትዌሩ ሲፈጥን አይታችሁ አትደንግጡ። እሱ ገና ክፍል ውስጥ ቆሞ አያውቅም ይሆናል።

እድገቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል የሚያስተምር ጥያቄ በኦንላይን አዘጋጃችሁ እንበል። ልጁ «ሀ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሥሩ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተደርድረዋል። ልጁ ሐን ይነካል። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ «ተሳስተሃል» ይላል። ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ የሰማውን ድምፅ በትክክል መርጧል። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ክፍል ውስጥ ብትሆኑ ፊቱን አይታችሁ «ይኼም ሀ ነው፣ ሐመሩ ሐ ይባላል» ብላችሁ ታልፉት ነበር። ማሽኑ ፊት አያነብም። ስለዚህ ያንን ሁሉ ቀድሞ ማሰብ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ምን እየለካሁ ነው? ድምፅ መለየትን ወይስ የፊደሉን ቅርፅ? ሲሳሳትስ ምን ልበለው? ሰ እና ሸን ያምታታ ልጅ «ተሳስተሃል» ሲባል የሚያገኘው ነገር የለም። «ሸ አናቱ ላይ ሰረዝ አለው፣ እስኪ እየው» ቢባል ግን ይማራል። ይህን ማሰብ የለመደ መምህር ኮምፒውተር ሳይኖርም ጥያቄ አወጣጡ ይለወጣል። እኔ እድገት የምለው ይህንን ነው።

በስላይድም እንዲሁ ነው። ስክሪን ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ሪቻርድ ሜየር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሙከራ እንዳሳዩት፣ ምስል እያሳዩ በድምፅ ማስረዳት ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ከመድገም ይሻላል፤ ድግግሞሹ ተማሪውን ያጨናንቀዋል። ታዲያ ሕጉ ለሁሉም እኩል አይሠራም። ቋንቋው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ ጽሑፉ ሊያግዘው ይችላል። ካፕሽን አብርተን ፊልም ለምናይ ሰዎች ይህ አይጠፋንም።

አሁን የማታስተምሩ ከሆናችሁ ተማሪ ፈልጉ። የቅዳሜና እሑድ የአማርኛ ክፍል፣ ስልክ መጠቀም የሚቸገሩ የማኅበረሰባችን አዛውንቶች፣ በምትሠሩበት ቦታ የሚቀጠሩ አዳዲስ ሠራተኞች፣ ሁሉም ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ኮርስ የሚሰጣችሁን አሳይንመንት ከእነሱ ጋር አያይዙት። የሠራችሁትንም በእጃቸው ሲሞክሩት እዩ። አጠገባቸው ቁጭ በሉና ዝም በሉ። የት ጋ እንደሚጫን አትንገሯቸው። ለመምህር ከዚህ የከበደ ነገር የለም፤ እጃችን ይበላናል። ልጁ «ቀጥል» የሚለውን ትቶ ሥዕሉን ደጋግሞ ሲነካ ታያላችሁ። ማስተካከል ያለባችሁ ገጹን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጆችን ስም፣ ፎቶና ድምፅ ወደ ማንም አፕ አታስገቡ። አሜሪካ ፌርፓ፣ አውሮፓ ደግሞ ጂዲፒአር የሚባሉት የግል መረጃን የሚጠብቁ ሕጎች በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም።

ትምህርቱ ውስጥ እኛን የሚያስቸግረን ቴክኖሎጂው አይደለም። ዝምታችን ነው። እኛ ባደግንበት ክፍል መምህር ሲናገር ይጻፋል። እዚህ ግን በየሳምንቱ አንብባችሁ ሐሳብ እንድትጽፉ፣ የክፍል ጓደኞቻችሁ ለጻፉትም መልስ እንድትሰጡ ይጠበቃል። «ጥሩ ብለሃል፣ እስማማለሁ» ብሎ ማለፍ ለእኛ ጨዋነት ነው። ለፕሮፌሰሩ ግን አላነበበም ማለት ነው። የኖራችሁትን ይዛችሁ ግቡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ላፕቶፕ ስለሚሰጥበት ትምህርት ቤት ስታነቡ «ኢንተርኔቱ ሲቋረጥስ? ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍልስ?» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ጥያቄ ከእናንተ በቀር የማንም ሐሳብ ላይ ላይመጣ ይችላል። በአክብሮት መከራከር ብልግና አይደለም፤ ነጥብም የሚያሰጠው እሱ ነው። እንግሊዝኛችሁ ካሰጋችሁ የዩኒቨርሲቲውን የጽሑፍ ማዕከል ተጠቀሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለተማሪ ነፃ ነው። ለቻትጂፒቲ አስጽፎ ማስገባት ግን ከትምህርት እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ደንቡ ከኮርስ ኮርስ ስለሚለያይ ሲለበሱን አንብቡ።

የወረቀቱን ጉዳይ ቶሎ ልበልላችሁ። አገር ቤት የያዛችሁትን ዲግሪ የሚገመግሙ ተቋማት አሉ፤ አሜሪካና ካናዳ ዌስ (WES)፣ እንግሊዝ ዩኬ ኢኒክ (UK ENIC) የታወቁት ናቸው። ዩኒቨርሲቲው የትኛውን እንደሚቀበል ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ። ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ማስላክ ጊዜ ይበላል፤ ማመልከቻ ከመከፈቱ በፊት ጀምሩት። ኦንላይን የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ ተቋሙ እውቅና እንዳለው አጣሩ፤ አሜሪካ ውስጥ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው። አሜሪካ በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን መማር አትችሉም። በየተርሙ ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት የሚቆጠርላችሁ የኦንላይን ትምህርት አንድ ኮርስ ወይም ሦስት ክሬዲት ብቻ ነው። የትምህርት ቴክኖሎጂ በአሜሪካ መንግሥት የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ዝርዝር ውስጥ ስላለ፣ ከተመረቁ በኋላ በሚሰጠው የአንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ ላይ 24 ወር ሊያስጨምር ይችላል። ይህ ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን ባስመዘገበበት ኮድ ይወሰናል፤ ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ ኮዱ የተለየ አለ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮውን ኮዱን ጠይቁት።

ብዙዎች የሚሸወዱበት ነገር ሌላ ነው። ማስተርስ የማስተማር ፈቃድ አይደለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ይዛችሁ ማስተማር ከፈለጋችሁ ፈቃዱን የሚሰጠው ሌላ አካል ነው፤ አሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ መስፈርት አለው። ፈቃድ የሚያሰጥ ፕሮግራምና የማያሰጥ ፕሮግራም ጎን ለጎን አሉ፤ በራሪ ወረቀታቸው ደግሞ ቁርጥ አንድ ነው። ኢንስትራክሽናል ዲዛይነር (ትምህርትና ሥልጠና የሚነድፍ ባለሙያ) ሆኖ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል ወይም ኩባንያ ውስጥ ለመቀጠር ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ፈቃድ አይጠየቅም። እዚያ የሚጠየቀው የሠራችሁት ሥራ ነው። ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የሥራችሁን ስብስብ፣ ከመጀመሪያው ኮርስ ጀምሩ። ያለቀለትን ብቻ አታስቀምጡ፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ተማሪው የት ላይ እንደተቸገረ፣ ከዚያ ምን እንደቀየራችሁ አሳዩ። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ የተሠራ አንድ አጭር ኮርስ ከነታሪኩ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ከመመዝገባችሁ በፊት የፕሮግራሙን አስተባባሪ የቀድሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሁሉም ስለ መሣሪያ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ተማሪ፣ ችግርና ውጤት የሚታይበት ከሆነ ደግሞ ስለ ክፍያ መነጋገር ጀምሩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ በጽዳትም ይሁን በጥበቃ፣ የሠራተኛ የትምህርት ድጋፍ እንዳለ ሰው ኃይልን ጠይቁ። መብታቸው መሆኑን ሳያውቁ ከኪሳቸው የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ።