የድሮ የሕክምና መጽሐፍ ለምትሰበስቡ፦ በኮሶ ጀምሩ

ውጭ አገር ሆናችሁ አሮጌ የሕክምና መጻሕፍት መሰብሰብ ያማራችሁ ወገኖች፣ መጀመሪያ የማትገዙትን ወስኑ። ታዋቂዎቹን የአናቶሚ (የሰውነት አካል አሠራር) መጻሕፍት ለባለጸጎች ተዉላቸው። የግሬይ አናቶሚ የመጀመሪያ እትም ለንደን ላይ የወጣው በ1858 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በአሮጌ ዕቃ ገበያ «ጥንታዊ» እየተባለ የሚቀርብላችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የ1901 እትም በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንደገና የተባዛበት ነው። ለማንበብ ጥሩ ነው፤ እንደ ጥንታዊ መጽሐፍ ግን አትክፈሉበት።

የእናንተ ብልጫ ሌላ ቦታ ነው፤ ሻጩ የማያውቀውን ስም ታውቃላችሁ። ኮሶን ውሰዱ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ኤድንብራ ላይ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አምስት ቅጽ ነው፤ የኮሶን ዛፍ ከነሥዕሉ የምታገኙት አምስተኛው ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደረቁ አበባ አውሮፓ ድረስ እየሄደ ለኮሶ ትል ይሸጥ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን ብዙ ፋርማኮፒያዎች (የመድኃኒት አዘገጃጀትና መጠን መጻሕፍት) እና የመድኃኒት መዝገቦች አስገብተውታል። እነዚህን መጻሕፍት ነጋዴዎች በርካሽ ያወጧቸዋል፤ በማስታወቂያው ላይ «አቢሲኒያ» የሚል ቃል እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ሻጩ የማውጫውን ገጾች ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ብራዬራና ሃጌንያ የኮሶ ሳይንሳዊ ስሞች ናቸው፤ ስሙና አጻጻፉ ስለሚለያይ በቢ (ብራዬራ)፣ በሲ (ኩሶ)፣ በኤች (ሃጌንያ) እና በኬ (ኩሶ፣ ኮሶ) ፊደላት ሥር ፈልጉ። የጀርመኖቹ «ፍሎሬስ ኮሶ» ብለው በኤፍ ሥር ያስቀመጡበትም አለ። በነገራችን ላይ በእነዚህ መጻሕፍት የምታዩት መጠን፣ ብዙ ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ አውንስ ዱቄት፣ ለመሞከር አይደለም፤ የኮሶ መርዝነት የታወቀ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ አገራችን ገብተው የሠሩ ሐኪሞች የጻፉት ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት የከፈተው ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና በ1912 ፓሪስ ላይ በፈረንሳይኛ አሳትሟል። ሰፊው ሥራው ደግሞ በ1921፣ በ1922 እና በ1929 በሦስት ቅጽ ወጣ። ቅጾቹ ዓመታት ተራርቀው ስለወጡ አንድ ወይም ሁለቱ ብቻ የሚሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሙሉ ነው» ሲሏችሁ የሦስቱንም የፊት ገጽ ፎቶ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

መጽሐፉ እጃችሁ ሲገባ መቁጠር ግዴታ ነው። ሥዕሎች ለብቻቸው በፍሬም ውድ ስለሚሸጡ እየቆረጡ የሚያወጧቸው አሉ። መጀመሪያ የሥዕሎቹን ዝርዝር አውጡ፤ ከሌለ በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ያለውን መግለጫ አመሳክሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ ተጣጣፊዎቹን ዘርግታችሁ እዩ። ስፌቱ አጠገብ ስስ የወረቀት ጠርዝ ብቻ ቀርቶ ካገኛችሁ፣ እዚያ ገጽ ተቆርጧል። በብሩስ መጽሐፍ የሚጠፉት ትልልቆቹ ካርታዎች ናቸው። ደግሞም የደብሊኑ እትም በአነስተኛ መጠን ስድስት ቅጽ ነው፤ በኤድንብራው የመጀመሪያ እትም ዋጋ እንዳትገዙት።

ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የወጡ ቅጂዎች ብዙ ናቸው። ማህተምና የካርድ ኪስ ስላለባቸው ዋጋቸው ይወርዳል፤ ይዘቱን ለሚፈልግ ሰው ትርፍ ነው። ነገር ግን «ከመዝገብ ወጥቷል» የሚል ማህተም ከሌለ ተሰርቆ ሊሆን ስለሚችል ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ። በጨረታ ስትገዙም የገዢ ኮሚሽን አለ፤ ብዙ ቤቶች ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራሉ። 400 ዶላር ላይ መዶሻው ከወደቀ በ25 በመቶ 500 ይሆናል፤ ማጓጓዣውና ታክሱ ገና ነው።

አሁን ብዙዎች ችላ የሚሉት ነገር። ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ በእንግሊዝና በአሜሪካ ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጥራዞች ቀለማቸው አርሴኒክ የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ደላዌር የሚገኘው የዊንተርተር ሙዚየም ባለሙያዎች ይህን ከ2019 ጀምረው ሲመረምሩ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ከገጠማችሁ የናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት አድርጉ፣ መጽሐፉን በሚታሸግ የፕላስቲክ ከረጢት አስቀምጡ፣ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አታኑሩት፣ ሕፃናት እንዳይደርሱበት። ሌላውን መጽሐፍ በታጠበና በደረቀ ባዶ እጅ መያዝ ይሻላል፤ የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ገጽ ያስቀድዳል። ሽፋኑ ቡናማ ዱቄት የሚያራግፍ ቆዳ ከሆነ ዘይት አትቀቡት፤ መበስበሱን አያቆመውም፣ ወረቀቱን ግን ያበላሻል። የተቀደደ ገጽ ላይም ስኮች አትለጥፉ።

መጽሐፉ ያለበት ክፍል እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ መደርደሪያው ላይ አኑሩ። የአሜሪካ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ለመጽሐፍ አይሆንም። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ለዕረፍት ስትሄዱ ኤሲውን አታጥፉት፤ እርጥበቱ ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ነፍሳት ከታዩ በጨርቅና በወረቀት የተጠረዘውን በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ሲወጣም ሳይፈታ 24 ሰዓት ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ቆዳና ብራና ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡ።

ብራና ካነሳን፦ የደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ከአገር ቤት ገዝቶ ማውጣት አይታሰብ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 2000) ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ውጭ አገር ሲሸጥ ብታዩም ከኢትዮጵያ መቼና እንዴት እንደወጣ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ተዉት። ይዘቱ ከሆነ የሚያጓጓችሁ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ብራናዎችን ይዟል፤ በዲጂታል የወጡትን ተመዝግባችሁ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው፤ ልትገዙ ያሰባችሁት እትም እዚያ ካለ ቀጠሮ ይዛችሁ ሄዳችሁ አገላብጡት፣ የሥዕሎቹንም ቁጥር ጽፋችሁ ተመለሱ።