ቪዲዮዬ ለምን ይንቀጠቀጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ስልክን በእጅ ይዞ ስለመቅረጽ ናቸው። አንዱ ሰርግ ይቀርጻል፣ አንዷ ቡና፣ ሌላው ተራራ፤ ቅሬታው ግን አንድ ነው። የሚመሳሰሉትን አጣምረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የእህቴን ሰርግ ልቀርጽ ነው። ባለፈው ሆጤ አካባቢ የጓደኛዬን ሰርግ ስቀርጽ ሙሽሮቹን እየተከተልኩ ነበር፤ ቪዲዮው በእያንዳንዱ እርምጃ ይዘላል። ስልኩ ሲሸጥልኝ ማረጋጊያ አለው ተብዬ ነበር። ተታልዬ ነው? (ደሴ)

አልተታለሉም። ማረጋጊያው የሚያክመው በሽታ ሌላ፣ የእርስዎ ቪዲዮ የታመመው ሌላ ስለሆነ ነው።

ካሜራ በሁለት መንገድ ይነቃነቃል። አንደኛው መዞር ነው፤ ስልኩ ቀና ደፋ ይላል፣ ወደ ጎን ይዞራል፣ ያዘነብላል። ሁለተኛው ስልኩ ሳይዞር እንዳለ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ጋይሮስኮፕ የሚለካው መዞርን ነው። ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን (ብርሃን የሚቀበለውን ቺፕ) የሚያንቀሳቅሰው ኦፕቲካል ማረጋጊያም ሆነ የምስሉን ጠርዝ ቆርጦ የሚያካክሰው ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ በዋናነት በዚሁ ልኬት ነው የሚመሩት። ከፍ ዝቅታውን ማርገብ የእግርዎ ሥራ ነው።

ሰው ሲራመድ ሰውነቱ በየእርምጃው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል። ሙሽራዋ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ካለች፣ ስልኩ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል በ1080 ቪዲዮ (ቁመቱ 1080 ፒክስል፣ ማለትም 1080 የምስል ነጥብ በሆነ) ላይ ምስሏ 40 ፒክስል ገደማ ይዘላል። ከኋላዋ የሚታየው የጦሳ ተራራ ግን በዚያው እርምጃ አንድ ፒክስል እንኳን አይንቀሳቀስም። ተራራው ቆሞ ሙሽራዋ የምትዘለው ለዚህ ነው።

አካሄድዎን እንዲህ ያስተካክሉ። ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉና ሳያቀኑት ይራመዱ። እርምጃዎ ከወትሮው ግማሽ ይሁን። ተረከዝዎን በቀስታ አሳርፈው እግርዎን እስከ ጣትዎ ድረስ ቀስ ብለው ይዘርጉት፤ እስከ አፉ የሞላ ስኒ ይዞ እንደሚሄድ ሰው። ስልኩን በሁለት እጅ ይያዙ፣ ክርኖችዎን ከጎድንዎ ጋር ያጣብቁ። ሽፋኑ የአንገት ማንጠልጠያ ካለው አንገትዎ ላይ አጥልቀው ማሰሪያው እስኪወጠር ስልኩን ወደ ፊት ይግፉት፤ ይህ ብቻውን ብዙ መዞርን ይገድላል። ከሙሽራዋ ወደ 3 ሜትር ቢርቁ ዝላዩ በግማሽ ይቀንሳል፤ ርቀቱን በዙም ካካካሱት ግን ያተረፉትን መልሰው ያጡታል። ወደ ኋላ እየሄዱ የሚቀርጹ ከሆነ አንድ ሰው ትከሻዎን ይዞ ይምራዎት፤ ደረጃና ገመድ ከኋላ አይታይም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን መቆም ነው። ከሙሽሮቹ ቀድመው ሄደው ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደግፈው ይቁሙ፣ እነሱ በፊትዎ ይለፉ፣ 10 ሴኮንድ ይቅረጹ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ቀድመው ይሂዱ። እስክስታ ሲጀመርም እንዲሁ፤ የሚጨፍረው ሰው ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ካሜራው አብሮት መወዛወዝ የለበትም። ቁልፉን ሲነኩ ስልኩ ስለሚናወጥ ከሚፈልጉት ቅጽበት 2 ሴኮንድ ቀድመው ይጀምሩ፣ 2 ሴኮንድ ዘግይተው ያቁሙ፤ ጫፎቹን በኋላ ይቆርጧቸዋል።

ጥያቄ፦ ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ እቀርጻለሁ። ተቀምጬም ቢሆን ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጥቁር ጥቁር መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ቀን ላይ ግን ደህና ነው። (ኮምቦልቻ)

ሁለት ችግሮች ተደራርበው ነው። መስመሩ ከመብራቱ ይመጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የሸምበቆ መብራቶችና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ስልኮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀርጹ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ሻተሩ፣ ማለትም አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/60 ከሆነ ከመብራቱ ምት ጋር አይገጥምም። 1/50 ወይም 1/100 ይገጥማል። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ሪከርድ ቪዲዮ ውስጥ ገብተው «ሾው ፓል ፎርማትስ» የሚለውን ያብሩና 25 ፍሬም ይምረጡ። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «አንቲ ፍሊከር» ወይም «አንቲ ባንዲንግ» የሚል አለ፤ 50 ኸርዝ ያድርጉት። ፕሮ ቪዲዮ ያለው ስልክ ከሆነ ሻተሩን 1/50 ላይ ይቆልፉት።

መንቀጥቀጡ ደግሞ ከብርሃን ማነስ ነው። ሲጨልም ስልኩ ሻተሩን እስከ 1/30 ሴኮንድ ከፍቶ ያቆያል፤ በዚያች ቅጽበት እጅዎ ከተነቃነቀ ፍሬሙ ራሱ ይደበዝዛል። ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያው ፍሬሞቹን ያሰልፋል እንጂ ውስጣቸው ያለውን ድብዝዝታ አያጠራም። ስለዚህ ምስሉ ቦታው ላይ ሆኖ አንዴ ጥርት አንዴ ድብዝዝ ይላል፣ የሚተነፍስ ይመስላል። ለማረጋገጥ ቪዲዮውን አቁመው ረከቦቱ ላይ ያለውን አንድ ስኒ አጉልተው ይመልከቱ። ከንፈሩ ላይ የምታበራው የመብራት ነጸብራቅ ነጥብ ከሆነች ጥፋቱ የብርሃን አይደለም። ነጥቧ ተጎትታ ሰረዝ ከሆነች ግን መጀመሪያ ብርሃን ይጨምሩ።

ለዚህ ውድ መብራት አያስፈልግም። ከረከቦቱ 2 ሜትር ርቆ የነበረውን አምፖል ወደ 1 ሜትር ቢያቀርቡት ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ከእናትዎ ጎን ይሁን፤ ከኋላቸው ከሆነ ፊታቸው ይጨልማል። እርስዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ክርኖችዎን ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ጀበናውን በስክሪኑ ላይ ተጭነው ይቆዩና ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ የእጣኑ ጭስ በመጣ ቁጥር ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ምስሉ ሰፋ ጠበብ ይላል፣ ሰውም የእጅ መንቀጥቀጥ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ከጦሳ ላይ ሆኜ ከተማዋን በዙም ስቀርጽ ምንም ብጠነቀቅ አይቆምልኝም። ስታንድ ተሸክሜ ዳገት መውጣት አልፈልግም። (ደሴ)

ዙም ሲያደርጉ ከተማዋን ብቻ ሳይሆን እጅዎንም ያጎሉታል። በተለመደው 1 እጥፍ ሌንስ፣ በ1080 ቪዲዮ፣ ስልኩ 1 ዲግሪ ሲዞር ምስሉ 28 ፒክስል ገደማ ይሸሻል። በ3 እጥፍ ያው 1 ዲግሪ ከ80 ፒክስል በላይ ይሆናል። ቦታው ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነና ዳገቱም ስለሚያስለከልክ፣ እንደደረሱ አይቅረጹ። ልብዎ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ።

መጀመሪያ ዙሙ የእውነት ሌንስ መሆኑን ይፈትሹ። 3 እጥፍ ላይ አድርገው ዋናውን ሌንስ በጣትዎ ይሸፍኑ። ስክሪኑ ከጨለመ፣ ስልኩ የሚሠራው የዋናውን ሌንስ ምስል መሃሉን ቆርጦ በማጉላት ነው። እንዲያ ከሆነ በ4ኬ ያለ ዙም ቀርጸው ቤት ሲገቡ መቁረጥ ይሻላል፤ የ4ኬ ምስል በወርድም በቁመትም የ1080 እጥፍ ስለሆነ እስከ 2 እጥፍ ቢያጎሉት ጥራቱ አይጎዳም።

ኪስ ውስጥ የሚገባ መፍትሔ ሲባጎ ነው። ከስታንድ ላይ የሚፈታውን የስልክ መያዣ ይውሰዱ። ከሥሩ ያለው ቀዳዳ የሩብ ኢንች ብሎን ይፈልጋል፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ብረታ ብረት ሱቅ ሄደው «የስድስት ብሎን» ካሉ የሚሰጥዎት ቀጭን ነው፤ ሲገባ የገጠመ ይመስላል፣ ሲጎትቱት ግን ይላወሳል፣ የመያዣውንም ጥርስ ይበላል። መያዣውን ሱቁ ድረስ ይዘው ሄደው እዚያው ይሞክሩት። ብሎኑ ራስ ሥር ሮንዴላ አስገብተው ሲባጎውን እዚያ ያስሩ። የሲባጎው ርዝመት ከመሬት እስከ ዓይንዎ፣ ለመርገጫ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ። ጫፉን ረግጠው ስልኩን ወደ ላይ ይወጥሩ። ከፍ ዝቅታው ወዲያው ይጠፋል። ሁለት ክር አድርገው በሁለት እግርዎ ከረገጡት የጎን ውዝዋዜውም ይቀንሳል፤ የጦሳ ነፋስ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ላስቲክ አይጠቀሙ፤ ስለሚለጠጥ ስልኩን ያነጥረዋል።

ድንጋይ ወይም አጥር ካገኙ ደግሞ ከከረጢት የሚበልጥ የለም። በወፍራም ጨርቅ ከረጢት አንድ ኪሎ ሽምብራ ወይም ባቄላ ይጨምሩ፤ ግን ከረጢቱ ሩብ ያህል ባዶ ይቅር። ሞልቶ ከተሰፋ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ስልኩ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ባዶ ቦታ ካለው ስልኩን ጫን ሲሉት ፍሬው ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከሚኒባስ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከባጃጅ ላይ እቀርጻለሁ። ምስሉ እንደ ጄሊ ይርገበገባል። (ኮምቦልቻ)

የስልክ ሴንሰር ምስሉን በአንዴ አይደለም የሚያነበው፤ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው መስመር በመስመር ነው። የባጃጅ ሞተር ቆሞ እየሠራ እንኳ በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ የመጀመሪያው መስመር ተነቦ የመጨረሻው እስኪነበብ ስልኩ ቦታ ቀይሯል። ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ የሚጣመመው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የተለመደው ምክር ይገለበጣል፤ አይደገፉ። ክርንዎን በሩ ላይ ወይም ስልኩን መስታወቱ ላይ ካሳረፉ ንዝረቱን በቀጥታ ለስልኩ ሰጡት። በአየር ላይ በሁለት እጅ ይያዙት፣ ጀርባዎንም ከመቀመጫው ትንሽ ያላቅቁ፤ ክንድዎ ንዝረቱን ይውጠዋል። ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ጎማ ላይ ካለው ወንበር ይልቅ መሃል ይቀመጡ። የመስኮቱን ጠርዝ ከምስሉ ያስወጡ። ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያው ውጭውን ዓለም ሲያቆም የመኪናውን አካል ያወዛውዘዋልና። በጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ማረጋጊያው መዞሩን መጀመሪያ ይቃወማል፣ ከዚያ ዘሎ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይቅረጹ። እጅዎን ከመስኮት አያውጡ።

ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ስልክ ለሚያስሩ፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ኦፕቲካል ማረጋጊያና አውቶፎከስ ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል። ለአነስተኛ ሞተሮችም ንዝረት የሚያለዝብ መያዣ ይመክራል። ማረጋጊያው በጥቃቅን ተንቀሳቃሽ አካላት የሚሠራ ነው፤ ምክሩ ለሌሎች ስልኮችም ይበጃል።

ጥያቄ፦ ጂምባል ልግዛ? (ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከብዙዎች)

ጂምባል ስልኩን በሞተር ቀጥ አድርጎ የሚይዝ እጀታ ነው። በየሳምንቱ እየተራመዱ የሚቀርጹ ከሆነ ይግዙ። በዓመት ለሁለት ሰርግ ከሆነ ገንዘቡን ለስልክ መያዣና ለትንሽ መብራት ያውሉት። ጂምባል የሚያጠፋው መዞርን ነው፤ አካሄድዎን ካላስተካከሉ ቪዲዮው እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ሲገዙ ሦስት አክሲስ (በሦስቱም የመዞር አቅጣጫ የሚያስተካክል) መሆኑን ያረጋግጡ። «ጂምባል» ተብለው ከሚሸጡት የሴልፊ ስቲኮች ብዙዎቹ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያላቸው፤ ማዘንበልን እንጂ ሌላውን አያስተካክሉም። የስልክዎን ክብደት ከነሽፋኑ ይመዝኑ። ለምሳሌ የዲጄአይ ኦስሞ ሞባይል 6 የሚሸከመው ከ170 እስከ 290 ግራም ነው። ስልኩን መጀመሪያ መሃሉን ጠብቀው ይሰኩ፣ ከዚያ ነው የሚበራው። ወደ አንድ ጎን ካደላ ሞተሩ ሲታገል ይሞቃል፣ ይነዝራል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ያገለገለ ከሆነ እጀታውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እያዘነበሉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያሠሩት፤ ጥቃቅን መርገብገብ ካሳየ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሱፐር ስቴዲ ሳበራ ምስሉ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል። ተበላሽቶ ይሆን? (ደሴ)

አልተበላሸም። ሱፐር ስቴዲ ለብዙ እንቅስቃሴ የተሠራ ጠንካራ ማረጋጊያ ነው። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ10 (እ.ኤ.አ. 2019) ጀምሮ ያመጣው ሱፐር ስቴዲም ሆነ የአይፎን 14 (እ.ኤ.አ. 2022) አክሽን ሞድ የምስሉን ጠርዝ በሰፊው ይቆርጣሉ፣ አጭር ሻተርም ይፈልጋሉ። ሁለቱም ብርሃን ይበላሉ። ቀን፣ ውጭ፣ ሲሮጡ ያብሩት፤ ቤት ውስጥ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ የተቀረጸውን በካፕካት (በቪዲዮ ማቀናበሪያው መተግበሪያ) ማዳን ይቻላል? (ኮምቦልቻ)

በብርሃን የተቀረጸ ከሆነ፣ አዎ። መጀመሪያ ቪዲዮውን ቆራርጠው ጥሩውን ክፍል ብቻ ያስቀሩ፣ ከዚያ በየቁራጩ «ስታቢላይዝ» የሚለውን በዝቅተኛው ደረጃ ይሞክሩ። ደረጃው በጨመረ ቁጥር ጠርዙ ይቆረጣል፣ ግድግዳና የበር ጠርዝም እንደ ጎማ መለጠጥ ይጀምራል። አንዴ ያረጋጉትን ደግመው አያረጋጉ። ካሜራውን ሆን ብለው ያዞሩበትን ክፍልም ይዝለሉት፤ ሶፍትዌሩ መዞሩን እንደ ስህተት ቆጥሮ ይታገለዋል። ማታ በደበዘዘው ላይ ግን አይድከሙ።

ጥያቄ፦ 60 ፍሬም ቢሆን ይረጋጋል? ቴሌግራም ላይ ስልክስ ለምን ይበላሻል? (ደሴ)

60 ፍሬም ራሱ አያረጋጋም፤ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው ሲያጫውቱት ግን መንቀጥቀጡም ስለሚዘገይ ለስላሳ ይመስላል። ቴሌግራም የሚያበላሸው ቪዲዮውን ሲያመቅ ነው። ማመቂያው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን እየዘለለ ስለሚሠራ፣ በሚንቀጠቀጥ ቪዲዮ የሚዘለው ነገር ያጣና ምስሉን ያቆሽሸዋል። የቆመ ቪዲዮ በዚያው ሜጋባይት ጥርት ብሎ ይደርሳል። እንዳለ እንዲደርስ ከፈለጉ ደግሞ «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩት።